ከጎንደር የወጣው ካሜራ

ከዛሪማ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወጣ፣ ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጎንደር የገባ መንገደኛ ፒያሳ ላይ ጣሊያኖች የሠሩትን ሲኒማ ቤት ያገኛል። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት በዚችው ከተማ ነው። በልጅነታቸው ፊልም ሲያዩ የሚደግፉት ታርዛንን ነበር፤ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሲያደቡበት ከጓደኞቻቸው ጋር «መጡብህ» እያሉ ይጮኹ እንደነበር ራሳቸው አውግተዋል።

ቤታቸው ውስጥ ደግሞ ሌላ ጀግና ነበር። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ፣ አርበኛና ቴአትር ጸሐፊ ሲሆኑ ድራማቸውን በየአገሩ እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ልጅየው ማንን ማድነቅ እንዳለበት ሳይወስን ያደገ ይመስላል። ካሜራ ከያዙ በኋላ ግን ወሰኑ።

በ1967 ቺካጎ ቴአትር ሊማሩ ሄዱ። የሚደርሳቸው የአሽከር ሚና ሲሆንባቸው በ1970 ሎስ አንጀለስ ተሻግረው ዩሲኤልኤ ገቡ፤ ፊልምም እዚያ ያዙ። «ቡሽ ማማ» የተባለው ፊልማቸው ሲጀምር ፖሊስ ጥቁሮችን አስቁሞ ሲፈትሽ ይታያል። ትወና አይደለም፤ የሚፈተሹት ኃይሌና የቀረጻ ባልደረቦቻቸው ናቸው።

አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 አገር ቤት መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ቀረጹ። 16 ሚሊ ሜትር፣ ጥቁርና ነጭ፣ ንግግሩ አማርኛ፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ባለርስቱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጭሰኞቹን ይሳደባል፤ እነሱ ያርሳሉ። ካሜራው አይቸኩልም፤ የበሬውን እርምጃ ጠብቆ ይሄዳል፤ ለችኩል ተመልካች ፈተና ነው። ከሁሉ የማይረሳው ከበበ ነው፦ ለአገሩ ተዋግቶ ሲመለስ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው፣ እውነቱን ግን የሚናገር እሱ ብቻ የሆነ ሰው። ከኢትዮጵያ ፊልሞች ውስጥ የጭሰኛን ኑሮ እንደዚህ ቀርቦ ያየ ሌላ መጥራት ይከብዳል።

ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ።

በ1993 «ሳንኮፋ» በርሊን ፌስቲቫል ላይ ታየ። ታሪኩ ጋና በሚገኝ የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ስትነሣ ወደ ኋላ ዘመን ተወስዳ ባሪያ ስለምትሆን ሞዴል ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለው ድርጅት ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና አዳራሽ ተከራይተው፣ ከየከተማው የጥቁር ማኅበረሰብ ጋር ተባብረው ራሳቸው አሳዩት፤ ሕዝቡም ተሰለፈ። በፊልሙ ስም የከፈቱት የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት አለ።

«ጤዛ» ለመሠራት ዓመታት ወስዶበታል። ጀርመን ሕክምና የተማረው አንበርብር ደርግን አይቶ፣ አውሮፓ ውስጥ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ወርቃማ ፈረስ ወሰደ።

«ሳንኮፋ» ግን 28 ዓመት ጠበቀ። የፊልም ዳይሬክተሯ የአቫ ዱቨርኔይ ኩባንያ አራይ አድሶት በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ሎስ አንጀለስ የተከፈተው የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ኃይሌን ሸለመ።