የእንዶድ ታሪክ፦ ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ሁላችሁም የምታውቁትን እንዶድን ይዘን ቀርበናል። ሳሙና በየሱቁ ሳይገኝ በፊት እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያጥቡበት የነበረው ይህ ተክል፣ በተለያየ ሙያ የሠለጠኑ ምሁራንን በአንድ በሽታ ላይ አስተባብሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዝያን ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። እንዶዱን ጠረጠሩ፤ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ሲሞክሩትም ጥርጣሬያቸው እውነት ሆነ።

የቀንድ አውጣ መሞት ለሰው ምን ይጠቅማል? ትሉ ያለበት ሰው በወንዝ አጠገብ ሲጸዳዳ እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ተሕዋስ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስቶ ይገባል። በከሚሴና በሌሎችም አካባቢዎች ያሉ ቤተሰቦች በሽታውን ያውቁታል። መድኃኒት የወሰደ ልጅም ወደዚያው ውኃ ሲመለስ እንደገና ይያዛል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ታዲያ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን ሊጨርሰው አይችልም ነበር። የጥገኛ ትል ተመራማሪው የሚገድለው ንጥረ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ኬሚስት ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በተሠራው ሥራ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፤ በአክሊሉ ለማ ስምም “ለማቶክሲን” ተባለ። ኬሚስቱ ደግሞ የትኛው የእንዶድ ዓይነት ብዙ ፍሬ እንደሚሰጥና ተባይ እንደሚቋቋም አያውቅም። ይህን የዕፅዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች እንዶድ ሰብስበው፣ ዘርተውና አወዳድረው አጠኑ።

ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራ በትንንሽ ልጆች ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህ ለእናት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻም።

ሆኖም መንገዱ ቀና አልሆነም። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ለሰውና ለከብት ያለው ደኅንነት በመርዝ አጥኚዎች ይረጋገጥ ተባለ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ደንብ የሚጠይቀው ቤተ ሙከራና ገንዘብ በእጃችን አልነበረም፤ ስለዚህ ብዙ ዓመታት በጥበቃ አለፉ። አንድ ሙያ ሲጎድል የሌሎቹ ሁሉ ድካም እንዴት ቆሞ እንደሚቀር ከዚህ እንረዳለን። በ1989 ሁለቱ ምሁራን “ራይት ላይቭሊሁድ” የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ፤ እንዶድ ግን ዛሬም የተጠበቀውን ያህል አልተስፋፋም።

አድማጮቻችን፣ በዚህ ታሪክ ስማቸው ያልተመዘገበ ባለሙያዎችም አሉ፤ እነሱም በዚያ ወንዝ ዳር ያጥቡ የነበሩት ሴቶች ናቸው። የእንዶድን ጠባይ ከእናቶቻቸው ተምረው ባያቆዩት ኖሮ ተመራማሪው የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር። እኛም ልጆቻችንን ስናስተምር ሐኪሙ ከኬሚስቱ፣ የተማረው ካልተማረው መጠየቅን እንዳያፍር እንንገራቸው። አያታቸው ስለምታውቀው ቅጠልና ሥር ዛሬ ማታ ይጠይቋት፤ ነገ ላናገኛት እንችላለንና።