የካርቱም ግድግዳ፦ ከገለባ እስከ ካርቦን ክር

ካርቱም እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፅ ጦር ሰፈር ሆና ስትቆረቆር መጠለያዎቿ የሣርና የቆዳ ጎጆዎች ነበሩ፤ ከ1826 እስከ 1838 ያስተዳደረው ኩርሺድ ፓሻ ነዋሪው በጡብ እንዲሠራ ሲያበረታታ፣ ከጥንታዊቷ የአልዋ መዲና ከሶባ ፍርስራሽ የተለቀመ ቀይ ጡብ ወደ ከተማይቱ ተጓጓዘ። የተራው ሕዝብ ግንባታ ግን «ጃሉስ» ሆኖ ኖረ፤ ይህም እርጥብ ጭቃ በእጅ እየተደረደረ፣ አንዱ እርከን ሲደርቅ ሌላው እየተጫነበት የሚቆም ግድግዳ ሲሆን፣ ጭቃ፣ እበትና ገለባ ተቦክቶ በሚገኘው «ዚባላ» ከዝናብ በፊት ይለሰናል። በጥቁር ዓባይ ዳር የሚተኮሰው ጡብም ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ ከወረደ ደለል የሚሠራ በመሆኑ፣ ካርቱም በከፊል በጎጃምና በወሎ አፈር ታነጸች ማለት ማጋነን አይሆንም።

ገለባው ጭቃውን ከመሰንጠቅ ይጠብቃል እንጂ ጉዳቱን አይናገርም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 ጎርፍ እጅግ ብዙ የጭቃ ቤቶች ፈረሱ። ጉዳቱን የሚናገር ግንባታ ግን ይቻላል፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ዲቦራ ቹንግ በሲሚንቶ ውስጥ አጫጭር የካርቦን ክሮችን በመቀላቀል፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ጫናን ራሱ የሚለይ ሲሚንቶ አስገኘች፤ ሲጫን የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይቀንሳል፣ ሲለጠጥ ወይም ሲሰነጠቅ ይጨምራል፣ ለውጡም በተገጠሙለት ሽቦዎች ይለካል። የክሩ ጥበብ የገለባው የሩቅ ዘመድ ነው። በ2023 የሱዳን ጦርነት ያፈረሰው፣ ኦምዱርማንን ከባሕሪ (ከሰሜን ካርቱም) ያገናኝ የነበረው የሻምባት ድልድይ ዳግም ሲሠራ፣ መሐንዲሶቹ ይህን ሲሚንቶ ሊያስቡበት ይገባል።