የ«ትክክለኛ ቀለም» መለኪያ ታሪክ



ፎቶግራፍ በቤቱ ያተመ ሰው ሁሉ አንድ ቅሬታ ያውቃል፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያማረው ፊት በወረቀት ሲወጣ ጠቁሮ ወይም ቀልቶ ይገኛል። ብዙዎቻችን ፕሪንተሩን እንወቅሳለን። የታሪክ ተማሪ ግን «ትክክለኛ የሚባለው ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ራይት በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ 10 ሰዎችን፣ ጆን ጊልድ ደግሞ በቴዲንግተን ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ 7 ሰዎችን አስቀምጠው፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየቀላቀሉ ከቀረበላቸው ብርሃን ጋር እንዲያመሳስሉ አደረጉ። ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን በ1931 «መደበኛ ተመልካች» የተሰኘውን ስሌት ያወጣው ከእነዚህ ልኬቶች ነው። አሥራ ሰባት ሰዎች! ሥራው ደካማ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሁለቱ በተለያየ መሣሪያ ሠርተው ውጤታቸው መቀራረቡ ዛሬም ያስደንቃል። የቤታችን ፕሪንተር የሚመራበት ስሌትም ሥሩ ይኸው ነው።

ማመሳከሪያ የሆነው ፊትስ የማን ነበር? ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው በነበረው የማስተካከያ ካርድ ላይ ለአሥርተ ዓመታት የነጭ ሴት ምስል ነበረበት፤ ባለሙያዎች «ሸርሊ» ይሉት ነበር። ማሽኑ የሚስተካከለው የእርሷ ቆዳ እስኪያምር ነው። ጥቁርና ነጭ አብረው በተነሡበት ፎቶ የጥቁሩ ፊት መልኩ ጠፍቶ ጥላ ይሆን ነበር። ለዚህ የፊልሙ ውስን አቅም ድርሻ ነበረው፤ ያ ውስን አቅም ለማን ቆዳ ይዋል የሚለው ግን የኬሚስትሪ ጥያቄ ብቻ አልነበረም። ኮዳክ የተለያየ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሴቶች ያሉበትን ካርድ ያወጣው በ1990ዎቹ ነው።

ዲጂታሉ ዘመን ማመሳከሪያውን ከካርድ ወደ ፋይል አዛወረው። በ1993 ስምንት ኩባንያዎች ተባብረው እያንዳንዱ መሣሪያ ቀለምን እንዴት እንደሚያወጣ የሚገልጽ «ፕሮፋይል» የተባለ የጋራ ፋይል አበጁ፤ በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት በጊዜው ስክሪን ልክ የተሰፋውን ኤስአርጂቢን አቀረቡ። ቋንቋችን ዓይን የሚያየውንም ፕሪንተር የሚረጨውንም «ቀለም» ይለዋል፤ ሆኖም ስክሪን ብርሃን ያመነጫል፣ ኢንክ ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ በስክሪን የሚታይ ደማቅ ሰማያዊ ሁሉ በወረቀት አይገኝም። ፕሮፋይሉ የሚያደርገው ቅርቡን መምረጥ ነው።

በቤታችሁ ስታትሙ ለወረቀቱና ለኢንኩ የተዘጋጀውን ፕሮፋይል ምረጡ፤ ማስተካከያውን ፕሮግራሙ ወይም ፕሪንተሩ ብቻ ይሥራው፣ ሁለቱም ከሠሩት ቀለሙ ይዛባል። የስክሪኑን ድምቀት ቀንሱ፤ ኅትመቱን በቀን ብርሃን እዩት። ለሙከራም ከአምራቹ ናሙና ይልቅ የቤተሰባችሁን ጠይምና ቀይ ፊቶች በአንድ ወረቀት ላይ አትሙ።