ገመዱን የያዘው ማን ነው?

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የማወራችሁ ስለ አንድ መንገድና ስለ አንድ ገመድ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከባሕር ዳር ተነሥቶ 30 ኪሎ ሜትር አለፍ ሲል መራዊ ይገባል፤ ከዚያ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊ እያለ ቡሬ ይወርዳል፣ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ገመዱንም ታውቁታላችሁ፤ የኬላ ገመድ ነው። ግራና ቀኝ ግንድ ይተከላል፣ ሾፌር ከሩቅ እንዲያየው መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ ጫፉን አንድ ሚሊሻ ይይዛል። ላላ ሲያደርገው መኪናው ያልፋል።

መጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። የአማራ ክልል ፌዴራሉን አልጠበቀም። ከመጋቢት 22 ጀምሮ ባሕር ዳርን፣ አዲስ ቅዳምን፣ እንጅባራንና ጥሊሊን ለ14 ቀን ዘጋ። ልብ በሉ፣ አራቱም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። መራዊ ራሷ ሳትዘጋ ላይዋም ታችዋም ተዘጋ። የፌዴራሉ አዋጅ የወጣው ከሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 30 ነው።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ላይ የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ በሽታ ሲመጣ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማውጣት ይችላል ይላል። ትግራይ መጋቢት 17 ያወጀችው በዚሁ ነው። ወረዳስ? ቀበሌስ? አንቀጹን ከላይ እስከ ታች አንብቡት፣ ስማቸው የለም። ገመዱን የሚይዙት ግን እነሱ ናቸው።

እኔ የቀበሌ ሹም ጻድቅ ነው አልልም። ለአንዲት መሸኛ ስንቱን «ነገ ና» እያለ ያመላልሳል! ግን ቤቱን ታውቃለህ። ዛሬ የከለከለህ ሰው ነገ ለቅሶ ላይ አጠገብህ ይቀመጣል፤ ይሉኝታ ይይዘዋል።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ለመላ አገሪቱ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ሹም ራሱን የሚያነሣ ነገር ይዞ መጣ፦ የአካባቢ አስተዳደርን በከፊል ወይም በሙሉ አግዶ በሲቪል ወይም በወታደር ኃላፊ መተካት። ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

ሐምሌ 27 ቀን 2015 የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር ይልቃል ከፋለ ለፌዴራል መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ፤ በክልሉ ያለው ውጊያ በመደበኛው ሕግ ከሚያዝበት ደረጃ አልፏል፣ አግዙን የሚል ነው። ውጊያ በሽታ አይደለምና የክልሉ ማኅተም እዚህ ላይ አይሠራም። በማግስቱ የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ፣ ቤት መበርበር፣ ሰዓት እላፊ መወሰን አዋጁን የሚያስፈጽመው ኮማንድ ፖስት ሥልጣን ሆነ። ገመዱ ከሚሊሻው እጅ ወጣ።

ነሐሴ 7 ፍኖተ ሰላም በአየር ተመታች። አንድ የሆስፒታል ኃላፊ 26 ሰው መሞቱን ተናገሩ። በማግስቱ፣ ነሐሴ 8፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዋጁን አጸደቀ።

አሁን ወደ መራዊ ልመልሳችሁ። ጥር 20 ቀን 2016፣ የአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ነው። ከተማዋ ውስጥ መከላከያና የፋኖ ታጣቂዎች ተዋጉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በኋላ እንዳስታወቀው፣ ቢያንስ 45 ሲቪሎች ፋኖን ደግፋችኋል ተብለው በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች ተገድለዋል፤ ቁጥሩ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል ብሏል። ያን ቀን መራዊ ውስጥ መሸኛ የሚጽፍ፣ ወይም ሄዶ «ይኼን ልጅ አውቀዋለሁ» የሚል ሹም ቢኖር እንኳ ማን ይሰማዋል? ሥልጣኑ ሌላ ቦታ ነበር።

አዋጁ 6 ወሩን ሊሞላ ነበር። ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ለተጨማሪ 4 ወር አራዘመው። ቀኑ ጥር 24 ነው። ከጥር 20 ቁጠሩት፤ 4 ቀን።