ቁንዶ በርበሬው በየት ገባ?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው ላይ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አለኝ።

ለፋሲካ በርበሬ ልናዘጋጅ ስንል ከአገር ቤት የተላከልን ቅመም በጊዜው አልደረሰም። ባለቤቴ የሚያስፈልገውን በአማርኛ ጽፋ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሰፈራችን ወዳለች አንዲት ትንሽ የህንድ ሱቅ ላከችኝ። ሩዙ በጆንያ በሩ ላይ የተደረደረባት፣ በመደርደሪያዎቿ መካከል ሁለት ሰው የማይተላለፍባት ሱቅ ናት።

ችግሩ፣ የቅመሞቹን የእንግሊዝኛ ስም አላውቅም። ባለሱቁ በዕድሜ የገፉ የጉጃራት ሰው ናቸው፤ "ነጭ አዝሙድ" ብላቸው ምን ይገባቸዋል? ከመደርደሪያው እያወረዱ ያስሸትቱኝ ጀመር። የመጀመሪያው አይደለም። ሁለተኛውም አይደለም። ሦስተኛውን ሳሸተው የእናቴ ጓዳ ትውስ አለኝ። "አጅዋይን" አሉኝ። ጥቁር አዝሙዱ "ካሎንጂ"፣ አብሹ "ሜቲ"፣ እርዱ "ሃልዲ" ሆኖ ተገኘ። የጠፋው ኮረሪማ ብቻ ነው። እሱ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ጫካ ልጅ ነውና አይፈረድባቸውም።

ወደ ቤት ስመለስ ግን አንድ የቆየ ነገር ከነከነኝ።

ደሴ ሳስተምር ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ። ሰሌዳው ላይ "ከአክሱም መዳከም በኋላ ኢትዮጵያ ከዓለም ተነጥላ ኖረች" ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ተነጥለን ከነበረ ቁንዶ በርበሬውና ቅርንፉዱ በየት ገባ?" አባቱ ገበያ ውስጥ ቅመም ይነግዱ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። እኔም "ከትምህርቱ አትውጣ፤ ተቀመጥ" አልኩት። ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እጁን ሲያወጣ አላስታውስም።

ልጁ እኮ ትክክል ነበር። ቁንዶ በርበሬ የደቡብ ህንድ ተክል ነው። ቅርንፉድ ደግሞ እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሚበቅለው ዛሬ ኢንዶኔዥያ በምንላት አገር፣ በማሉኩ ደሴቶች ብቻ ነበር። "ዝንጅብል" የሚለው ስም ራሱ በዐረብኛ በኩል ይምጣ እንጂ ሥሩ ህንድ ነው። "ስኳር"ም እንደዚያው።

ጉዞው ደግሞ የቆየ ነው። በ1ኛው ክፍለ ዘመን አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ያዘጋጀው የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ፣ ከህንድ ብረትና የጥጥ ጨርቅ ወደ አዱሊስ እንደሚገባ ይዘረዝራል። በ1940 (እ.ኤ.አ.) ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፤ ኩሻኖች ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩ ናቸው። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ አዱሊስ ቢጠፋም ንግዱ አልሞተም። በዳህላክ፣ በዘይላ፣ በኋላም በምጽዋ በኩል ቀጠለ። ወደቡና እጁ ተቀየረ እንጂ መንገዱ አልተዘጋም።

የምንኮራበት ቀይ ወጥስ? በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው ከ1492 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። ስለዚህ ዐፄ ካሌብ ያማረ ግብር አብልተው ይሆናል፤ ቀይ ወጥ ግን አልቀመሱም።

ታዲያ ለምን "ተነጥላ" ብዬ አስተማርኩ? መጽሐፉ ስለሚል ነው። ደግሞም ደስ ይላል፤ ብቻችንን ተራራ ላይ ቆመን የኖርን ያስመስለናል። ግን ይሄ ታሪክ አንድ ሰው ይሰርዛል፤ ነጋዴውን። ከጠረፍ እስከ ደጋ በግመልና በበቅሎ ቅመም ያመላለሰውን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም የሆነውን ነጋዴ። እኔም ያንን ልጅ "ተቀመጥ" ስለው አባቱንም ከታሪኩ አስወጣኋቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ፤ የአገር ቤቱ ዕቃ ደርሶ ስለነበር ጥቂት ኮረሪማ ይዤላቸው። ሰውየው ፈልፍለው አሸተቱና "የኢላይቺ ወንድም!" አሉ። ኢላይቺ እኛ ሄል የምንለው ነው። ዝምድናውም እውነት ነው፤ ሁለቱም የዝንጅብል ቤተሰብ ናቸው። ሻይ ቀዱልኝና ስንጫወት፣ አሜሪካ የገባንበት በርም አንድ ሆኖ ተገኘ። እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያም ለህንድም በዓመት የሚፈቅደው የ100 ሰው ኮታ ነበር። ያንን ኮታ የሻረው ሕግ በዚያው ዓመት ባይፈረም፣ እሳቸውም ሱቋም እኔም እዚህ ሰፈር አንገናኝም ነበር።

እንግዲህ ይቅርታው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቀዋል። ያን ቀን የጠየቅከው ከትምህርቱ የወጣ አልነበረም፤ ትምህርቱ እሱ ነበር። መልሱን ሳላውቅ ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ። ይህን ካነበብክ ጻፍልኝ። አባትህ በሕይወት ካሉም ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ቅመሙ በየት በየት አድርጎ ደሴ ይደርስ እንደነበር አሁን ከእሳቸው መማር እፈልጋለሁ።

እናንተም እስቲ ጓዳችሁ ግቡና አንድ ቅመም አንሱ። ከየት መጣ? ማን አመጣው? ከታች ጻፉልኝ። አሁን እጅ ያወጣ አይቀመጥም።