ከስብ የወጣው ሕዋስ የት ደረሰ?

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ በኩል ሽቅብ የወጣ የዩኒቨርሲቲያችን ልጅ ቁስቋምን ያውቃታል። ስሙ የመጣው እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት ሳለች ካረፈችበት ከግብፁ ተራራ ነው፤ በዓሉም ኅዳር 6 ይከበራል። መንገደኛ በተነሳ ቁጥር ሰው «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። የሕክምና ተመራማሪዎችም ከስብ ስለሚወጣው ግንደ ሕዋስ (ስቴም ሴል) ለዓመታት ሲጠይቁ የኖሩት ይህንኑ ነው።

ነገርን ከሥሩ እንያዘው። የሞስኮው አሌክሳንደር ፍሪደንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ከጊኒ ፒግ መቅኔ የተወሰዱ ጥቂት ሕዋሳት ከሳህን ላይ ተጣብቀው እንደሚራቡ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1991 አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን «ሜሴንካይማል ስቴም ሴል» የሚለውን ስም አስለመደ። ችግሩ መቅኔ ማውጣት ያማል፤ የሚገኘውም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓትሪሺያ ዙክና ባልደረቦቿ ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ከሰው ገላ ተመጥጦ ይጣል በነበረ ስብ ውስጥ ተመሳሳይ ሕዋስ አገኙ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ስቡ ይታጠባል፤ ኮላጅኔዝ በተባለ ኢንዛይም ይፈታታል፤ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል። ስቡ ሲንሳፈፍ የሚፈለጉት ሕዋሳት ከታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ ምግብ ባለው ፈሳሽ ተደርጎ በ37 ዲግሪ ይቀመጣል። የተጣበቀው ይቀራል፣ ያልተጣበቀው ይታጠባል። ሳህኑ ሲሞላ ወደ ሌላ ሳህን ይከፈላል።

ታዲያ ተስፋው ትልቅ ነበር። ሕዋሱን በደም ሥር ብንሰጠው የቆሰለውን አንጀት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል ተባለ። ይህን በወሬ ሳይሆን በዓይን ለማየት፣ ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር፣ በብረት ቅንጣት ወይም ብርሃን በሚሰጥ ጂን ምልክት አድርገው በእንስሳት አካል ውስጥ ተከታተሏቸው። ውጤቱ ያልተጠበቀ ሆነ። አብዛኞቹ አንጀት ሳይደርሱ በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ተይዘው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዳርዊን ፕሮኮፕ ቡድን ልባቸው በተጎዳ አይጦች ላይ ከመቅኔ በወጣ ሕዋስ እንዳሳየው ግን፣ ሳንባ ላይ የቀሩት ሕዋሳት እብጠት የሚያበርድ ፕሮቲን በማመንጨት ከሩቅ ይረዳሉ። እንግዲህ ሥራቸው ሄዶ መተካት ሳይሆን መልእክት መላክ ነው ማለት ነው። ካፕላን ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 «ስሙን እንቀይረው» ብሎ ጻፈ።

ማድሪድ ላይ ደግሞ ዳሚያን ጋርሲያ ኦልሞ ሌላ መንገድ ያዘ። መንገደኛው ካልደረሰ እኛው እናድርሰው እንደማለት፣ የስብ ሕዋሱን በቀጥታ ፊስቱላው ላይ ወጋው። ፊስቱላ ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሰን የሐምሊን ሆስፒታልና የወሊድ ጉዳት ነው፤ ይኼኛው ግን ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ በፊንጢጣ አካባቢ የሚከፍተው ቀዳዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በ212 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ሲታተም፣ 120 ሚሊዮን ሕዋስ ከተወጉት 50 በመቶው፣ ካልተወጉት ደግሞ 34 በመቶው ተሽሏቸው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 «አሎፊሴል» በሚል ስም አውሮፓ ፈቀደው። ነገር ግን ሰፋ ያለው ሁለተኛ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ጥቅሙን ማረጋገጥ አቃተው፤ በ2024 መጨረሻ መድኃኒቱ ከአውሮፓ ገበያ ወጣ።

ይህ ታሪክ እኛን ይመለከተናል። ዘመድ ሲታመም ቤት ተሽጦ፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ውጭ አገር ይላካል፤ «ስቴም ሴል ያድናል» የሚል ማስታወቂያም በየስልካችን ይመጣል። ሐኪም ሆንን መምህር፣ ቤተሰብ መጥቶ ሲያማክረን የምንጠይቀው ይኑረን፦ ሕዋሱ ከየት ወጣ? ከተሰጠ በኋላ የት እንደደረሰ በምን ታወቀ? ካልወሰዱት ሰዎች ጋርስ ተነጻጽሯል?

እዚሁ ጉለሌ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመስከረም 2008 ዓ.ም የአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተደርጓል። ያን ሥራ የሠሩ ሁሉ እንደሚያውቁት፣ ቀዶ ጥገናው በሰዓታት ያልቃል፤ ክትትሉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ነገ የሕዋስ ሕክምና ወደ እኛም ሲመጣ፣ ተማሪዎቻችን ሕዋስ ማራባትን ብቻ ሳይሆን የተራባው የት እንደገባ መከታተልንም አብረው ይማሩ።