ጉልበት ሲከዳ

የጓጉሳ ሽኩዳዷ ጥሊሊ ያለችው በፈረስ አገር በአዊ ነው። የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ተሰብስበው የአድዋን ፈረሶች ያስባሉ። ፈረስ ባለበት ደግሞ መውደቅ አለ።

አንድ ወጣት ወድቆ ጉልበቱ “ቋ” ቢል መጀመሪያ የሚወሰደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ይታሻል፣ ይታሰራል። ከሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጎድሎ ሲራመድ ወጌሻው ይመረቃል። ልጁ ግን ኳስ ሜዳ ገብቶ ዞር ሲል ጉልበቱ ይከዳዋል! ለካስ የዳነው እብጠቱ እንጂ ጅማቱ አይደለም።

ፈረንጆቹስ? ወዳጆቼ፣ እነሱም ነገሩ የገባቸው ዘግይቶ ነው። ጉልበት ውስጥ እንደ መስቀል የተላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ፤ የፊተኛው ቅልጥም ወደፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895፣ የእኛ ጦር ወደ ሰሜን ሲዘምት፣ ሜዮ ሮብሰን የተባለ እንግሊዛዊ የአንድ ድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የተበጠሱ ጅማቶችን ሰፋ። ሰውዬው ሥራው ላይ ተመለሰ። ይሁን እንጂ መስፋት ለብዙዎች አልሠራም፤ የተበጠሱት ጫፎች በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ስለሚዋኙ በቀላሉ አይገጥሙም።

በ1917 ሄይ ግሮቭስ ሌላ መላ አመጣ፦ መስፋቱ ይቅርና እንተካው! ከጭን ጎን የወሰደውን ጠንካራ ክር መሰል ሥጋ አጥንት በስቶ አሳለፈው። በ1963 ኬኔት ጆንስ ከሎሚው በታች ካለው ጅማት መካከሉን ወሰደ። በ1980 ደግሞ ዴቪድ ዳንዲ ጉልበቱን በሰፊው ሳይከፍት፣ በቀጭን መመልከቻ እየታገዘ ተካ። ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ገንዘቡም ሐኪሙም የሌለው የጥሊሊ ልጅ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ታሪኩ ደስ የሚል እጥፋት አለው። በ2010 ስዊድኖች በ121 ወጣቶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ገና በጠዋቱ የተቀደዱትና መጀመሪያ በአካል ብቃት ሕክምና ጡንቻቸውን አጠናክረው፣ ካስፈለገ ብቻ የተቀደዱት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የኋለኞቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ ጅማቱ ሳይተካላቸው ቀርተዋል።

ይህ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ ማለት አይደለም። በከዳ ቁጥር ጉልበት ውስጥ ያለው ትራስ ሊቀደድ ይችላል። ሁለት ጊዜ ከከዳህ ሦስተኛውን አትጠብቅ፤ የአጥንት ሐኪም ፈልግ። ፈረሱ ይቆይልሃል።